ቅቤ የተቀባ ቁልፍ

ኮምፒዩተር እምቢ ሲል ምክንያቱን ይናገራል፤ ከብዙ ሰው የሚሻለው በዚህ ነው። የሚከፋው ደግሞ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ መናገሩና ከሥሩ «እሺ» የምትል አንዲት ምርጫ ብቻ ማስቀመጡ ነው። እምቢ ብሎህ ሲያበቃ እሺ እስክትለው ድረስ አይለቅህም። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በነበረኝ ዘመን፣ እንዲሁ እሺ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ሥራው ብዙ አልነበረም። ሰልፉ ግን ብዙ ነበር፤ መብራት ስለሚጠፋ፣ እስኪመጣ ድረስ ሰው ይጠራቀማል። የቀበሌ ሰዎች የአንድ ለአምስት ሪፖርታቸውን ያስጽፋሉ፤ ያለፈውን አውጥቼ የወሩን ስም ብቻ እለውጥላቸዋለሁ፣ እነሱም አንብበው «በጣም ተሻሽሏል» ብለው ይሄዳሉ። ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ለፓስፖርት ፎቶ ይነሳሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ «ትንሽ ነገር ናት» እያለ የሚገባው ደንበኛ ነው። በዕድሜዬ ትንሽ ነገር ይዞ ኮምፒዩተር ቤት የመጣ ሰው አላየሁም። ትንሽ ነገር ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

ከመስጊዱ በታች የሚኖሩት እናት ሲገቡም ያሉት ይህንኑ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን» አሉና በፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «የልጄ ድምፅ ነው ያለበት። አውጣልኝና ልስማው።»

ልጃቸውን አውቃታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ የፓስፖርት ፎቶዋን ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ አትሳቂ ብያት ነበር፣ ፈገግ አለችና ደግሜ አነሳኋት። ጥቂት ዓመት ሠርታ ተመለሰች፣ አንድ ክረምት እናቷ ዘንድ ከረመች፣ እንደገና ሄደች። በሁለተኛው ጉዞ መጀመሪያ ስልኳ እየራቀ መጣ፣ ቀጥሎም ቆመ። ደላላው «አሠሪ ቀይራ ይሆናል» አለ፤ ብዙ ሳይቆይ የሱም ስልክ አልነሳ አለ። ከዚያ የተመለሱት ልጆች አንዷ አይቻት ነበር ትላለች፣ አንዷ ሌላ ከተማ ናት ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ስሟ ሲነሳ ወሬ ትለውጣለች። እንዲህ እያለ ከረመና ጎረቤቱ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ፊት ለፊት፣ «እርምዎን ያውጡ» ይላቸው ጀመር። ድንኳኑን የሚተክሉት፣ ለሰደቃው የሚያርዱት ሰዎች ሁሉ ተዘጋጅተው የሳቸውን ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

«ምን እርም አለና ነው የማወጣው?» አሉኝ። «ድምጿ እቤቴ ተቀምጦ!»

ልጅቷ ስትሄድ እንዲህ ብላቸው ነበር፦ «እማ፣ እዚህ ውስጥ ድምፅ አለ። ስመለስ እከፍትልሽና አብረን እንሰማዋለን።» እሳቸውም አብሮ ለመስማት ጠበቁ፤ መጠበቁ ሲረዝም ግን ብቻቸውን መስማት አማራቸው። ሌላ ምንም አልፈለጉም። ገንዘብ ልካ ይሆን፣ የት ናት፣ ማን ወሰዳት የሚል ጥያቄ እንኳ አላነሱም። ድምጿን ብቻ።

ላፕቶፑ አልነሳም። ክረምቱን ሙሉ ገብስ ጆንያ ላይ ነው የከረመው፤ ብሎኖቹን ፈትቼ ስገልጠው ጥንዚዛ በእግሩ ወጣ፣ እኛን አይቶም አልቸኮለም። ሃርድ ዲስኩ ግን ደህና ነበር። አውጥቼ ከኔ ዴስክቶፕ ጋር አገናኘሁትና ገባሁ። ውስጡ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ አለ። የተመሰጠረ ነው፤ ማለትም ቁልፉ የሌለው ሰው ቢከፍተው ከትርምስ በቀር የሚያየው የለም።

«ተቆልፏል፣ እማማ» አልኳቸው።

«ልጄ እኮ ሳትቆልፍ የምትተወው ነገር የለም» አሉ፣ በኩራት።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አጫወቱኝ። የምትሠራበት ቤት ልጆች ስልኳን እየነጠቁ ይጫወቱበትና ያገኙትን ያጠፉባት ነበር። ከመካከላቸው ኮምፒዩተር የምትማረው ትልቋ ልጅ አዘነችላትና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠቻት፣ እንዴት እንደሚቆለፍም አሳየቻት። የይለፍ ቃል አልፈልግም አለች የኛዋ፤ «ቃል ከሆነ አስጨንቀው ያናግሩኛል።» ስለዚህ ቁልፉ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ በፍላሽ ተቀመጠ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ላፕቶፑን ለእናቷ ተወችላቸው።

«ፍላሿስ የት አለች?» አልኩ።

«አደራ ሰጥታታለች» አሉና የአንድ ሰው ስም ጠሩልኝ። ስሙን ስሰማ ነገሩ ቀላል እንደማይሆን ገባኝ።

ሰውዬው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርሱ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አካባቢ ሰው ሲሰደድ፣ ሲታሰር፣ ወይም ባልና ሚስት ሲጣሉ ዕቃው ወደሳቸው ይሄዳል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። የሰው ስፌት መኪና አለ ቤታቸው፤ የሰው ኮርቻ አለ፤ ለውትድርና ሄዶ የቀረ ልጅ የተወው ሬዲዮ አለ። ያንን ሬዲዮ አንድ ቀን ከፍተው ዜና ሰምተውበት አያውቁም። ዜና ሲያምራቸው በትራቸውን ይዘው ጎረቤት ይሄዳሉ። ፍላሿ ከላፕቶፑ ጋር እንዳትቀመጥ የመከሩትም እሳቸው ናቸው፤ «ሳጥንና ቁልፍ አንድ ቤት አያድርም» ብለው።

አብረን ሄድን። ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡን፣ የገብስ ቆሎ አቀረቡልን፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁን። ስለ ዝናቡ የሚባለው ሁሉ ሲያልቅ እናትየዋ ጉዳያቸውን ተናገሩ።

«ልጅሽ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፣ እቴ» አሉ ባለአደራው። «'እኔው እስክመለስ ለማንም እንዳይሰጡ፤ ለእናቴም ቢሆን' ነው ያለችኝ። በምድር በሰማይ ብላኛለች።»

«እናቷ ነኝ እኮ፣ አንቱ!»

«ታዲያ ስምሽን ጠርታ ነው የከለከለችኝ። ሌላውን በጅምላ ነው። አደራ ከባለቤቱ በቀር የሚሰጠው ለወራሽ ነው። ለወራሽ የሚሰጠው ደግሞ ባለቤቱ የሞተ እንደሆን ነው። እቴ፣ ሞታለች ትያለሽ? በይና አሁን ላምጣልሽ።»

«አልልም።»

«እንግዲያ የሷ ነው» አሉና ቆሎውን ወደኛ ገፋ አደረጉት።

ስንመለስ እናትየዋ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም፤ ይህ ለሳቸው ቀላል አይደለም። ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «የልጄን ድምፅ ለመስማት ልጄን ግደያት እኮ ነው የሚሉኝ» አሉ። እኔ ሰው ማጽናናት አላውቅበትም። «አብሽሩ እማማ» አልኩና አብረን ቆመን የጭነት መኪና አሳለፍን። ባለአደራው ላይ ተናድጄ ነበር፤ ግን የኔም ዕቃ ቢኖር የማስቀምጠው እሳቸው ዘንድ መሆኑን ሳስብ ንዴቱ የትም አልደረሰልኝም።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እናትየዋ ግን አስበውበት ከርመው፣ በሌላ ቀን ብቻቸውን ወደ ሽማግሌው ሄዱ። የተባባሉትን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፣ ሳይለያይ።

«አንቱ፣ የሰው እህል አደራ ይዘው ያውቃሉ?»

«ስንቴ!»

«ነቀዝ የገባው እንደሆንስ?»

«ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ዝም ብዬ ላስበላው ኖሯል?»

«ባለቤቱን አስፈቅደው ነው?»

«ባለቤቱ በቅርብ ቢኖር መች አደራ ይሆናል?»

«እንግዲያው ያቺንም ነገር ፀሐይ ያስጧት። ላፕቶፑን ጥንዚዛ ገብቶበት አግኝተነዋል። የሷም ነገር ምን እንደሆነ ማን አይቶ? ለኔ አይስጡኝ። አንቱ ይዘው ይሂዱ፣ አንቱ ያስገቡ፣ አንቱ ያውጡ፣ ይዘው ይመለሱ። ከዚያ እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ የሰማሁ እንደሆነ ሰማሁ።»

ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ «ሐቅ ነው፤ ምን እላታለሁ?» አሉ።

በገበያ ቀን መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው ገቡና ለሪፖርት የተሰለፉትን የቀበሌ ሰዎች በዓይናቸው አስወጡልኝ። እናትየዋ ቀድመው ተቀምጠዋል። ባለአደራው ከኪሳቸው አንድ ቋጠሮ አወጡ፤ ቋጠሮው ሲፈታ ሌላ ጨርቅ፣ ጨርቁ ሲፈታ ደግሞ ቆዳ ሆነ። ቆዳው ሲገለጥ ቤቱን የበሰለ ቅቤ ሽታ ሞላው። ፍላሿ ከላይ እስከ ታች ቅቤ ተቀብታለች። የብረት አፏ ውስጥ ያለው ቅቤ ረግቶ ቢጫ ሆኗል።

«ብረት አይደለች?» አሉ ባለአደራው፣ አስተያየቴን አይተው። «እንዳትዝግ በየጊዜው እቀባታለሁ። ለጋ ቅቤ ነው፤ የበሰለም አይደል።»

«አሁን በስሏል፣ አባባ።»

«ከርሟላ!»

ምን ይባላል? ጠመንጃም ቢላዋም እንዲህ ተቀብቶ ነው እዚህ አገር የሚከርመው። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ አልኮል እየነከርኩ አፏን ጠረግሁት። ባለአደራው የፍላሿን ክር አልለቀቁም፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ እሳቸው ክሩን ይዘዋል። አድርቄ ስሰካት መብራቷ በራ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ተነፈስን። ውስጧ አንድ ፋይል አለ፤ ቁልፉ።

ልጅቷ የተጠቀመችበትን ፕሮግራም አዲሱን እትም አስቀድሜ ከኢንተርኔት አውርጄ ጭኜው ነበር፤ በመካነ ሰላም ኔትወርክ ማውረድ ማለት ምሳ በልቶ፣ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ማለት ነው። «ቁልፍ አስገባ» የሚለውን ነካሁና ፋይሏን አሳየሁት። አልተቀበለውም። የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም አለ። ቀጥሎም የሚያውቃቸውን ዓይነቶች በስማቸው ጫፍ ዘረዘረልኝ፤ ሁለት ናቸው። የልጅቷ ሦስተኛ ነው። ቁልፍ ማለት በዚህ ሥራ ረጅም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት መንገድ ግን እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። የሷ በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ነበር፣ አዲሱ እትም ደግሞ አሮጌውን መቀበል ትቷል። ለምን እንደተወ አላብራራም። እሺ አልኩት።

ከዚያ ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ፦ የፋይሉን ስም ጫፍ ከሚቀበላቸው ከአንዱ ጋር አመሳሰልኩት።

«ምን አደረግህ?» አሉ ባለአደራው።

«ስሟን ለወጥኩ።»

«የማንን ስም?»

ፕሮግራሙም አልተሸወደም። ከፈተው፣ ውስጡን አየው፣ እምቢ አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ እናትየዋ ወደ ጣሪያው እያዩ። «በሬውን በቅሎ ብለህ ብትጠራው ኮርቻ ይቀበላል?» አሉ ባለአደራው ደግሞ፣ እኔን እያዩ። ስሙን ወደነበረበት ስመልስ ባለአደራው «በትክክል እንደነበረ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው፤ ፊደሉን አያውቁትም፣ ቢሆንም አስነበቡኝ።

ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ አንድ ገጽ አገኘሁ። «ቁልፍዎን ይላኩልን፣ በሚፈልጉት ዓይነት ለውጠን እንመልስልዎታለን» ይላል፣ በነጻ። ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ተረጎምኩላቸው።

«ማን ነው የሚለውጠው?» አሉ ባለአደራው።

«አላውቀውም።»

«አገሩስ?»

«አልተጻፈም።»

«አባቱ?»

ገጹን ዘጋሁት። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው» አሉና ፍላሿን እራሳቸው ነቀሏት። እውነት ለመናገር ሳይናገሩ ቢቀሩ ልልከው ነበር።

የቀረው መንገድ አንድ ነው። የፕሮግራሙን አሮጌ እትም ማግኘት፣ ቁልፉን በሱ መክፈት፣ ከዚያ አዲሱ በሚቀበለው ዓይነት ማስወጣት። ይህን ሳስረዳ ባለአደራው በትራቸውን ከግድግዳው አነሱ።

«ይለወጣል ማለት ነው» አሉ።

«ዓይነቱ ብቻ።»

«አደራ እንደተሰጠ ነው የሚመለሰው። በግ ተቀብዬ ፍየል ልመልስ?»

«ይህኛው እንዳለ ይቀመጣል፣ አባባ። ከሱ ሌላ እሠራለሁ።»

«ይባስ! ከሰው ቁልፍ ሌላ ቁልፍ የሚያስቀርጸው ማን እንደሆነ አታውቅም?»

አውቃለሁ፤ ሌባ ነው። እናትየዋም መሬት መሬት ያያሉ፤ እዚህ ድረስ በብልሃት ያመጡት ነገር በኔ ኮምፒዩተር ምክንያት ሊቀር ነው። አንጀቴን በሉኝ። ያኔ ነው ለባለአደራው የነገሯቸው የእህል ነገር ትዝ ያለኝ።

«አባባ፣ የሚለወጠው ጆንያው ነው እንጂ እህሉ አይደለም» አልኩ። «አሁን ያለበት ጆንያ አርጅቷል። አዲሱ ፕሮግራም ይህን ጆንያ አላነሳም ነው የሚለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያነሳው ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ልጅቷ ብትመለስ...»

«ስትመለስ» አሉ እናትየዋ።

«ስትመለስ፣ የሚሰጧት የማይከፍት ቁልፍ ነው የሚሆነው።»

ባለአደራው መልሰው ተቀመጡ። ብዙ አሰቡ። እንደሳቸው ያለ ሰው ሲያስብ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ የበሩን መቃን ነው የሚያዩት።

«ሲገለበጥ አይፈስም?» አሉ በመጨረሻ። «ከሥሩ የሚቀር ነገር የለም?»

«የለም።»

«በምን አውቃለሁ?»

«ከከፈተ ያው ነው። ካልከፈተ አይደለም።»

«ይሁን። እኔ ባለሁበት ግን። ከዚያም አንተ ዘንድ ምንም እንዳይቀር።»

አሮጌውን እትም ፍለጋ ደሴ ወረድኩ። በመንገዱ ላይ ያለችውን የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሚኒባሱ መስኮት ደግሞ አይዘጋም፣ ረዳቱን ብጠይቀው «አየር ነው» አለኝ። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ፤ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነው፤ ሚስቱ በዚህ ታማርርበታለች። የሲዲ ክምር ሲያገላብጥ ውሎ አገኘልኝ። መካነ ሰላም ተመልሼ ልጭነው ብል ዴስክቶፔ «ይህ ፕሮግራም ለኔ አርጅቷል» አለ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ያስቀመጥኩበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረኝ፤ ከተገዛ ጀምሮ ጥሩ ሥራው ጠረጴዛነት ነው። ማሽኑን አወረድኩ፣ አቧራውን ነፋሁ፣ አስነሳሁት። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ሲዲውን ግን ተቀበለ።

ባለአደራውንና እናትየዋን አስጠራሁ። በጠዋት መጡ፤ መብራት ያለው ጠዋት ነው። ፍላሿ ዛሬ በቅቤ ሳይሆን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነው የመጣችው። ባለአደራው ራሳቸው ሰኳት፤ እጃቸውን ይዤ አቅጣጫውን ብቻ አሳየኋቸው። አሮጌው ፕሮግራም ቁልፉን አየ፣ አወቀው። በአዲሱ ዓይነት አውጣ አልኩት፤ እዚያው ፍላሿ ላይ አወጣ። ባለአደራው በስመ አብ ይላሉ፣ እናትየዋ ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ መብራት እንዳይሄድ እለምናለሁ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ፍላሿን ወደ ዴስክቶፑ አዛወርናት። «ቁልፍ አስገባ» የሚለውን ነካሁ። አሁን ምንም ሳያጉረመርም ተቀበለው፤ እንኳን አደረሰህ እንኳ አላለም። ትልቁ ፋይል ተከፈተና ውስጡ ያሉት የድምፅ ፋይሎች ወደ ታች ተደረደሩ። ሁሉም ስማቸው አንድ ነው፦ «እማ»። እማ፣ እማ፣ እማ፣ እያለ ይወርዳል፤ የሚለያዩት ከኋላቸው ባለው ቁጥር ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ እናትየዋ።

«እማ ይላል።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልጅቷ ለእናቷ የተናገረችው መልእክት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ባለአደራውም እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም፣ ለመውጣት ብድግ አሉ፤ እናትየዋ ጋቢያቸውን ያዙና አስቀመጧቸው። የመጀመሪያውን ነካሁ።

መጀመሪያ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ማዶ ደጎሎ ከተማ ያለን ሰው ያለ ስልክ የምትጣራ ይመስል አንዲት ሴት «ሄሎ! ሄሎ! ኸረ አይሰማም! ሄሎ!» ማለት ጀመረች።

«ማናት ደግሞ ይቺ?» አሉ እናትየዋ።

«አንቱ ነዎት፣ እማማ።»

«እኔ?»

እሳቸው ነበሩ። ስልክ ስትደውል የተነጋገሩትን ነው ልጅቷ የቀዳችው። ስለ በረዶው ይናገራሉ፤ ስንዴውን እንዴት እንደመታው። ስለ ጎረቤት ሠርግ ይናገራሉ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የቀረው ለምን ቀረ። የፈረሰውን አጥር፣ የታመመውን አጎት፣ መስጊዱ የተጨመረለትን ቆርቆሮ። በመካከሉ አልፎ አልፎ በጣም ቀጭን ድምፅ «እሺ እማ» ይላል። «እህ»። «እሺ እማ»። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ እሳቸው ናቸው። ሌላውን ከፈትኩ፤ እሳቸው ናቸው። የአሠሪዎቿ ልጆች እንዳያጠፉባት የቆለፈችው፣ አገር ቤት ድረስ አምጥታ ቁልፉን ለብቻ ያስቀመጠችው፣ የናቷን ድምፅ ነበር።

ባለአደራው ፊታቸውን ወደ መቃኑ አዞሩ።

እናትየዋ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ በራሳቸው ወሬ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነበር» አሉ። ቀስ በቀስ ግን ፊታቸው እየተለወጠ መጣ። ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ሳቡ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ በቃላቱ መሐል ያለችዋን ያቺን ቀጭን ድምፅ ለማግኘት ጣሩ። አንድ «እሺ» ሲሰሙ ጣታቸውን ያነሳሉ። ወዲያው ሴትዮዋ ትቀጥላለች።

«ኸረ ይቺ ሴት አታርፍም እንዴ!» አሉ።

«ሌላ ልክፈት?»

«ክፈት። የመጨረሻውን ክፈት።»

የመጨረሻውን ከፈትኩ። እዚህኛው ላይ ቀድማ የተናገረችው ልጅቷ ናት። ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፎቶ ስትነሳ የሳቀችው ልጅ ናት፣ ሳቅ ግን የለበትም። «እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለች።

እናትየዋ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሴትዮዋ፣ «ካርድሽ ሳያልቅ ስለ ላሟ ልንገርሽ።» ላሟ ወልዳለች። ጥጃው ተጣሞ መጥቶ ነበር፤ ሰው ተጠራ፣ ገመድ መጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ጥጃው ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ስም አውጪለት። «እማ...» ይላል ቀጭኑ ድምፅ። ወተቱ እንግዲህ፣ አለች ሴትዮዋ።

እናትየዋ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዝም በይ!» አሉ። «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ልጅቷ ልትናገር ነው! ዝም በይላት!»

«እቴ፣ ተይ» አሉ ባለአደራው፣ ቀስ ብለው።

ስልኩ ተቋረጠ። ፋይሉም እዚያው ላይ አለቀ።

እናትየዋ ድምፅ ማጉያውን አልለቀቁትም። «ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። በሁለተኛውም ስለ ላሟ ነገሯት።